የእትዬ እርማት ብርጭቆ

የሰው ልጅ በሁለት ይከፈላል፤ አፉ እንደሚሸት የተነገረውና ገና ያልተነገረው። አፉ ጨርሶ የማይሸት ሦስተኛ ወገን አለ ሲሉ እሰማለሁ፤ እኔ ግን አግኝቼው አላውቅም። ካገኛችሁት ማለዳ ላይ፣ ከአልጋው ሳይወርድ፣ ቀረብ ብላችሁ አረጋግጡና ንገሩኝ።

ከእነዚህ ከሁለቱ ወገኖች በላይ ደግሞ አንድ ሰው ይቀመጣል፤ ነጋሪው። በየመሥሪያ ቤቱ፣ በየሰፈሩ፣ በየዘመዱ መሀል አንድ አይጠፋም። እኛ ሌሎቻችን አፍንጫችንን እያሸን፣ መስኮት እየከፈትን፣ "ዛሬ ይሞቃል አይደል?" እያልን የምናልፈውን ጉዳይ እሱ ለባለቤቱ ያደርሳል። ይህን ሰው ሁሉም ይፈራዋል፣ ሁሉም ያማዋል። የእኛ መሥሪያ ቤት ነጋሪ፣ የአፍና የአካባቢው የበላይ ጠባቂ፣ ክብርት እትዬ እርማት ናቸው።

"እርማት" ያልናቸው እኛ ነን። የምንሠራው ማተሚያ ቤት ውስጥ፣ እርማት ክፍል ነው። ሥራውን ለማታውቁት ላስረዳ። አንድ መጽሐፍ ከመታተሙ በፊት ሁለት ሰዎች ፊት ለፊት ይቀመጣሉ። አንዱ ደራሲው የጻፈውን ድምፁን ከፍ አድርጎ ያነባል፤ ሌላው ለኅትመት የተዘጋጀውን ገጽ ይዞ በቀይ እስክሪብቶ ስህተት ይለቅማል። አራት ነጥቡም፣ ነጠላ ሰረዙም ሳይቀር ይነበባል። ክፍላችን ጠባብ ስለሆነ ጉልበት ከጉልበት ይጋጫል። ከአንባቢው አፍ እስከ አራሚው አፍንጫ ያለው መንገድ ደግሞ በጣም አጭር ነው። አንድ ጊዜ ስለ ፍራፍሬ አተካከል የሚያስረዳ መጽሐፍ መጥቶልን ነበር፤ እያንዳንዱ "ፍ" እንደ ወናፍ ፊቴ ላይ ይነፋብኝ ነበር። በዚህ ርቀት ዕድሜያቸውን የፈጁ ሰው ስለ አፍ ቢራቀቁ አይፈረድባቸውም።

እትዬ እርማት አጠር ያሉ፣ ወፍራም መነጽር የሚያደርጉ፣ በጋ ከክረምት አንድ ግራጫ ካፖርት የማይለያቸው ሴት ናቸው። ጥርሳቸው የራሳቸው ነው፤ ይህንንም ሳይጠየቁ ይናገራሉ። ነገር ግን "አፍህ ይሸታል" ብለው ለማንም ተናግረው አያውቁም። እንዲህ ያለው ብልግና የእሳቸው አይደለም። እሳቸው የሚያደርጉት ጠረጴዛዎ ላይ አንድ ብርጭቆ ውሃ ማስቀመጥ ነው። አፉን በስኒ ማስቀመጫ ከድነው ያስቀምጡና "ጠጣ፣ ቀኑ ረጅም ነው" ይላሉ። ሌላ ቃል የለም።

ብርጭቆው ደረጃ ደረጃ አለው። ተራ ውሃ ከሆነ ነገሩ ቀላል ነው፤ ሽንኩርት ወይም ሲጋራ ይሆናል። ውሃው ለብ ያለና ጨው ያለበት ከሆነ ድድዎ መድማት ጀምሯል፤ እርስዎ ባያውቁትም እሳቸው አውቀዋል። ብርጭቆው ውስጥ አዲስ የጥርስ ብሩሽ ቆሞ ካገኙ ግን የመጨረሻው ማስጠንቀቂያ ደርሶዎታል፤ ከዚያ በኋላ ያለው የጥርስ ሐኪም ነው። አንድ የጥራዝ ክፍል ሠራተኛ ብሩሹን እንደ ስጦታ ቆጥሮ ለሚስቱ ወሰደላት። ሚስትየዋ ሳምንት ሙሉ አላናገረችውም።

አለቃችን ራሱ ብርጭቆ ደርሶታል። በዕድሜ ከሁላችን ያንሳል፤ ንግግር ግን ይወዳል። በስብሰባ ላይ ከደንበኞች ጋር ተፋፍጎ ሲያስረዳ እትዬ እርማት ብድግ ብለው ሄዱና ውሃውን ፊቱ አስቀመጡለት። እሱም በአደባባይ አመሰገናቸው፤ ለሥራ ባልደረባ ማሰብ ማለት ይህ ነው ብሎ በምሳሌነት ጠቀሳቸው። ክፍሉ በሙሉ ወደ ጣሪያ አየ። ለዓመት ያህል በየስብሰባው ያችን ብርጭቆ እየጠቀሰ ሲያመሰግን ኖሮ አንድ ቀን ሾፌሩ ምስጢሩን ነገረው። በማግስቱ ከርቀት የጥርስ ሳሙና የሚሸት ሰው ሆኖ መጣ። ከዚያ ወዲህ ከእትዬ እርማት ጋር የሚነጋገረው ወደ ጎን ዞሮ፣ ከግድግዳው ጋር የሚያወራ መስሎ ነው።

ትምህርታቸውም ቀላል አይደለም። ጥርሱን ቦርሾ ምላሱን የሚተው ሰው በእሳቸው ዓይን አጥሩን ቀለም ቀብቶ ሳሎኑን ሳይጠርግ እንግዳ የሚጠራ ሰው ነው። ማስቲካ ማለት ደግሞ ባልታጠበ ካልሲ ላይ ሽቶ መርጨት ነው። በጥርስና በጥርስ መሀል ክር የማያሳልፍ ሰው የትናንት ምሳውን ለዛሬ እንግዳ ያስቀመጠ ነው። ራሱን መመርመር ለሚፈልግም መላ አላቸው፤ የእጅ አንጓን በምላስ ላስ አድርጎ፣ ጥቂት ቆይቶ ማሽተት። ከምሳ በኋላ ክፍላችን በሙሉ የእጁን አንጓ እየላሰ ያሸታል። አንድ ቀን ስለ መጽሐፉ ሊጠይቅ የመጣ ደራሲ በሩ ላይ ቆሞ ይህን አይቶ ያለ ቃል ተመለሰ። በኋላ ለአለቃችን ደውሎ ሠራተኞቹ ምግብ ይበላሉ ወይ ብሎ ጠይቋል አሉ።

እኔስ? እኔ የእሳቸው ጥንድ ነኝ። ከእትዬ እርማት ጋር ጉልበት ለጉልበት የምቀመጠው እኔ ነኝ። ሰው ፊት መናገር የሚያስፈራኝ፣ ታክሲ ውስጥ "ወራጅ አለ" ማለት ከብዶኝ አንድ ፌርማታ አልፌ በእግሬ የምመለስ ሰው ነኝ። ክፍሉን የተቀላቀልኩ ሰሞን የመጀመሪያዋ ብርጭቆ መጣችልኝ። ሁሉም እያየ። ጆሮዬ ድረስ ቀላሁ። ማታ ቤት ገብቼ ባለቤቴን አፌ ይሸታል ወይ ብዬ ጠየቅኋት። ቀና ብላም አላየችኝ፤ "እንደ ወትሮው ነው" አለችኝ።

በእትዬ እርማት አስተያየት የእኔ ችግር ጥርሴ አይደለም፤ ዝምታዬ ነው። የማይናገር ሰው ምላሱ አይንቀሳቀስም፣ ምራቁ ያንሳል፣ አፉ ይደርቃል፣ የደረቀ አፍ ደግሞ ይሸታል። "አንተ ልጅ፣ ወይ ተናገር ወይ ጠጣ" ይሉኛል። ፀጉሬ ሸብቷል፤ ለእሳቸው ግን አሁንም ልጅ ነኝ። እኔም መናገሩ ስለሚከብደኝ እጠጣለሁ። በዚህ ሥራ ከገጽ ቁጥር ይልቅ የመጸዳጃ ቤቱን መንገድ በደንብ ያወቅሁት ለዚህ ነው።

እንግዲህ እንዲህ ባለ ሥርዓት ተከባብረን ስንኖር አቶ ይቅርታ መጣ።

አቶ ይቅርታ ከወረቀት መጋዘኑ ወደ እኛ ክፍል የተዛወረ ሰው ነው። ቁመቱ በር ያክላል፤ ትሕትናው ከቁመቱ ይበልጣል። ሲገባ ይቅርታ፣ ሲወጣ ይቅርታ፣ ወንበር ሲስብ ለወንበሩ ይቅርታ። የመጀመሪያ ቀኑ ከምሳ ሲመለስ ጥሬ ሽንኩርት በልቶ ነበር፤ እኛ እዚያው የበላነው እስኪመስለን። እትዬ እርማት ብርጭቆዋን አመጡለት፤ "ጠጣ፣ ቀኑ ረጅም ነው።" አቶ ይቅርታ ተነስቶ በሁለት እጁ ተቀበለ፣ እስከ መጨረሻዋ ጠብታ ጨለጠ፣ እጅ ነሣ። ትርጉሙን ማንም አልነገረውም። ማን ይነግረዋል? እኛ እኮ ነጋሪ ስላለን ነው ሳንናገር የምንኖረው።

በማግስቱ ጠዋት ስንገባ ያቺው ብርጭቆ ታጥባ፣ በውሃ ተሞልታ፣ በስኒ ማስቀመጫ ተከድና እትዬ እርማት ጠረጴዛ ላይ ቁጭ ብላለች። አቶ ይቅርታ አጠገቧ እጁን አጣምሮ ቆሟል። የዚህ ቤት ሰላምታ እንዲህ ነው ብሎ ገምቶ፣ ባለውለታ ሆኖ ላለመቅረት ቀድሞ መግባቱ ነው።

እትዬ እርማት በሩ ላይ ቆመው ብርጭቆዋን አዩ። ከዚያ እሱን አዩ።

"ይጠጡ እትዬ፣ ቀኑ ረጅም ነው" አለ አቶ ይቅርታ፣ በፍጹም ትሕትና።

ክፍሉ ውስጥ የተነፈሰ ሰው ያለ አይመስለኝም። ለመተንፈስም አመቺ ጊዜ አልነበረም። እትዬ እርማት ቀስ ብለው ተቀመጡ። ክዳኑን አነሱ። ውሃውን ሳያቋርጡ ጠጡት። ከዚያ ግራ እጃቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ፤ በዚያ ቀን ሙሉ አላወረዱትም።

በነጋታው በነጭ ሻርፕ ከአፍንጫቸው በታች ተሸፍነው መጡ። ወንበራቸውን ከጉልበቴ አርቀው ወደ ግድግዳው አስጠጉት። ማንበብ ተዉ። ደራሲው የጻፈውን ገጽ ወደ እኔ ገፍተው በእጃቸው ምልክት አንብብ አሉኝ። እኔ ሳነብ ድምፄ ከአገጬ አያልፍም፤ እሳቸው ከግድግዳው ሥር ሆነው አይሰሙኝም፤ ስህተቱ በሰላም ያልፋል። በእጃችን ያለው ሥራ ደግሞ፣ ይህን ፈጥሬ አላወራም፣ ለተማሪዎች የሚታደል ስለ አፍ ንጽህና የሚያስተምር መጽሔት ነበር። የመጀመሪያው ገጽ ላይ ሁለት የፊት ጥርሶች እጅ ለእጅ ተያይዘው ይስቃሉ።

ሁላችንም ተራ በተራ ሄደን አይሸትም አልናቸው። የጥራዝ ክፍሉ ሰው ማለ። አለቃችን ሳይቀር በጎን ዞሮ አይሸትም አለ። አቶ ይቅርታ ነገሩ ሲገባው እንባው መጣ፤ እንደ አክብሮት እንጂ በሌላ አስቦት እንደማያውቅ ለማስረዳት ተንበረከከ፤ ተንበርክኮም ቁመቱ ከእሳቸው በለጠ። እትዬ እርማት ሁላችንንም በጸጥታ አዳመጡን።

"'አይሸትም' ስትባባሉ ስንት ዘመን ሰምቻችኋለሁ" አሉ በሻርፑ ውስጥ። "ሲሸትም 'አይሸትም' ነው፣ ሳይሸትም 'አይሸትም' ነው። እኔ ለናንተ ብርጭቆ ሳመላልስ የኖርኩት ለምን ይመስላችኋል?" አቶ ይቅርታን ደግሞ፣ ውሃውን ያቀረብከው በአፍንጫህ ነው፣ አሁን የምትለምነኝ በአዘኔታህ ነው፣ እኔ የማምነው አፍንጫህን ነው አሉት።

እውነታቸውን ነው።

ሐሙስ ዕለት ወደ ማሸጊያ ክፍል እንዲዛወሩ አለቃችንን እንደጠየቁ ሰማን። ማሸጊያ ክፍል ማሽኑ ቀኑን ሙሉ ይጮሃል፤ ሰው ከሰው አይነጋገርም፤ ሁሉም የሚያየው ካርቶን ነው። የሚያነብ ሰው እዚያ ምን ይሠራል? ጡረታቸው ገና ነው። አለቃችን ዓርብ ከሰዓት በኋላ እፈርማለሁ ብሏል፤ ፊቱ ላይ ደግሞ፣ ይቅር ይበለኝ፣ የእፎይታ ነገር አየሁ።

ማታ ለባለቤቴ ነገርኳት። የሁላችንንም ምስክርነት እንዳልተቀበሉን፣ እኔም በጆሯቸው ሹክ እንዳልኳቸውና እንዳላመኑኝ። ባለቤቴ ልብስ እያጣጠፈች ነበር።

"አንተንማ እንዴት ብለው ይመኑህ?" አለች። "እኔ ጨው ያበዛሁበትን ወጥ እንኳ 'ጥሩ ነው' ብለህ ነው የምትጨርሰው። ውሃ ስትጠጣ ነው የማውቀው።"

አልጋ ላይ ሆኜ ይህን ሳስብ ቆየሁ። ትክክል ናት። እኔ ስለ አንድም ሰው አንድም መጥፎ ነገር ፊት ለፊት ተናግሬ ስለማላውቅ፣ ጥሩ ነው የምለው ነገር ሁሉ ዋጋ የለውም። ለእትዬ እርማት አይሸትም ማለት የሚችለው ይሸታል ማለት የሚችል ሰው ብቻ ነው።

ዓርብ ጠዋት ወንበሬን አንስቼ ወደ ግድግዳው ወሰድኩና ጉልበታቸው አጠገብ ተቀመጥኩ። መጽሔቱን ጭኔ ላይ አደረግሁ። ምላሴ እንጨት ሆነ። ከሻርፑ በላይ ዓይናቸው ብቻ ይታየኛል።

"እትዬ" አልኩ፣ "አንድ ነገር ልንገርዎ።"

"አይሸትም ልትል ነው። ተወው ልጄ።"

"አይደለም። ሲያነቡ የዓረፍተ ነገሩን መጨረሻ ይውጡታል።"

ቅንድባቸው ከመነጽሩ በላይ ወጣ። አሁን ካቆምኩ ዳግመኛ እንደማልጀምር ስለማውቅ ቀጠልኩ። ወደሚቀጥለው መስመር ስለሚቸኩሉ ማሠሪያ አንቀጹን እንደሚበሉት፣ በዚህም ምክንያት የልብ ወለዱ ሰውዬ ይሙት ይዳን ሳላውቅ በግምት እንደማርም ነገርኳቸው። ስህተት ስናገኝ በደስታ ጉልበቴን በጉልበታቸው እንደሚመቱኝ፣ የበለዘ ቦታ እንዳለኝም ነገርኳቸው። የእኔን የመጀመሪያ ብርጭቆ፣ ሰው እስኪወጣ ሳይጠብቁ ክፍሉ ሞልቶ ሳለ እንዳስቀመጡብኝ፣ እስከ ዛሬ እንደሚከነክነኝም ነገርኳቸው። ይህን የመጨረሻውን ለመናገር አላሰብኩም ነበር፤ አፌ ከተከፈተ በኋላ ራሱ ወጣ። ኋላዬ ቀይ እስክሪብቶዎች ሁሉ ቆመዋል።

"ሌላስ?" አሉ እትዬ እርማት። ድምፃቸው ቀዝቅዟል።

"ካፖርትዎ ይሸታል።"

"ምን?"

"ናፍታሊን ይሸታል። ቁም ሳጥን ውስጥ ለብል የሚቀመጠው ነጭ እንክብል። ክፍሉን ከተቀላቀልኩ ጀምሮ ይሸተኛል። ክረምት ላይ ሲረጥብ ዓይኔን ያስለቅሰኛል፤ እርስዎ ጉንፋን ነው እያሉ ሎሚ ያመጡልኝ ነበር።" ትንፋሽ ወሰድኩ። "አፍዎ ግን አይሸትም። ቢሸት ኖሮ ከናፍታሊኑ ጋር አብሬ እነግርዎት ነበር።"

እትዬ እርማት የካፖርታቸውን እጅጌ ወደ አፍንጫቸው አነሱ። ሻርፑ አስቸገራቸውና ዝቅ አደረጉት። አሸተቱ። እንደገና አሸተቱ። ከብዙ ቀን በኋላ ሙሉ ፊታቸውን ያየሁት ያኔ ነው፤ ከስቷል።

"ይሄን ሁሉ ዘመን?" አሉ።

"ይሄን ሁሉ ዘመን።"

"አንድ ሰው እንኳ አልነገረኝም?"

ሁሉም ወደ ጣሪያ አየ።

እጃቸውን ዘረጉ፤ መጽሔቱን ከጭኔ ላይ አነሱ። መነጽራቸውን አስተካከሉ። "ገጽ አንድ" ብለው ጀመሩ፤ "ጥርስን ጠዋትና ማታ ከመኝታ በፊት መቦረሽ፣ ነጠላ ሰረዝ፣ ምላስንም ቀስ አድርጎ ማጽዳት..." ድምፃቸው ክፍሉን ሞላው። መጨረሻው ላይ ሲደርሱ ቆም አሉ፤ ዓይኔን እያዩ "ያስ-ፈል-ጋል" አሉኝ፤ "አራት ነጥብ። አሁን ተሰማህ?" ተሰማኝ። ፊቴ ላይ ሳይቀር ተሰማኝ። ሦስተኛው ገጽ ላይ ስህተት አገኘንና ጉልበቴን መቱኝ።

ከሰዓት በኋላ አለቃችን ዘንድ ገብተው ማሸጊያ ክፍሉን ትቼዋለሁ አሉት። ለግድግዳው ራሱን ነቀነቀ አሉ።

ሰኞ ጠዋት ስገባ ግራጫው ካፖርት ኮሪደሩ መስኮት ላይ ለነፋስ ተሰጥቷል። አቶ ይቅርታ አጠገቡን ሲያልፍ ይቅርታ ጠየቀው። ጠረጴዛዬ ላይ ደግሞ ብርጭቆ ውሃ አለ፤ ተከድኗል። ክፍሉ ውስጥ ከእትዬ እርማት በቀር ሰው የለም።

ዞር ብዬ አንጓዬን ላስኩ፤ ጠብቄ አሸተትኩ። ምንም የለም። ጨው ይሆን ብዬ ውሃውን ቀመስኩ፤ ጨው የለበትም። እስከ ዛሬ ብርጭቆ ደርሶት ለምን ብሎ የጠየቀ ሰው የለም። እኔ ጠየቅሁ።

"ሸተተ እንዴ እትዬ?"

"አልሸተተም" አሉ ከገጹ ላይ ዓይናቸውን ሳያነሱ። "ዓርብ ያን ሁሉ ስትናገር አፍህ ሲደርቅ አየሁት። ውሃ መስጠት ነበረብኝ፤ በንዴት ረሳሁት። ጠጣ፣ ቀኑ ረጅም ነው።"

ጠጣሁት። ከዚያ ወንበሬን ሳብኩ፣ ጉልበት ለጉልበት ተቀመጥኩ፣ ማንም ሳይጠይቀኝ አፌን ከፈትኩ።

"ናፍታሊኑ ቀንሷል" አልኳቸው። "ቀንሷል እንጂ አልጠፋም።"

እትዬ እርማት አፋቸውን ሳይሸፍኑ፣ ከዚያች ከአጭሯ ርቀት፣ ፊቴ ላይ ሳቁ። ጥርሳቸው የራሳቸው ነው።